የረቡዕ ስልክ

ወንድሜ ቃለሕይወት ዲፕሎማት ነበር። ዲፕሎማት ሲባል ሱፍ ለብሶ ውስኪ የሚጨብጥ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ሃራሬ ኤምባሲያችን ውስጥ ሁለተኛ ጸሐፊ ሆኖ ፓስፖርት ያድሳል፣ ውክልና ያረጋግጣል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መርዶ ይናገራል። እዚያ ላለ ሐበሻ ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ፣ ሽማግሌ ሰብስቦ በማለዳ በር የሚያንኳኳው እሱ ነው። የልደታ ልጅ ይህን ማንም አያስተምረውም፤ በእኛ ሰፈር የእናቱን ሞት በስልክ የሚሰማ ሰው የለም።

በ1992 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እናታችን ወለተሰንበት ስታርፍ ግን መርዶ ነጋሪውን ማን ይንገረው? የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ኢዶሳ ለእረፍት እስኪመጣ ይቆይ አሉ። እሱ ደግሞ እሁድ እሁድ ይደውላል። ተኝታለች፣ ቄሱ መጥተውላታል እያልኩ አራት እሁድ ገፋሁ። በአምስተኛው ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ በእናቴ ድምፅ "ቃሌ" አልኩት። የሞተ ሰው ድምፅ ከራስ ጉሮሮ ሲወጣ መስማትን ለማንም አልመኝም። እሱ ጉንፋን ይዞሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ ስዋሽ ሰባት ወር አለፈ።

ሰኔ ላይ መጣ። ከቦሌ በቀጥታ አቶ ኢዶሳ ቤት ወስደን አሳደርነው፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ነገሩት። ደረቱን ይመታል ብዬ ስጠብቅ ተራ በተራ አያቸው። እግሩ ላይ ወድቄ፣ የእሁዷ እኔ ነበርኩ፣ ይቅር በለኝ አልኩት።

"አውቄሻለሁ እኮ፣ ፀዳልዬ" አለኝ። "እንዲህ ሲደረግ ሰው እንደሞተ አላጣውም። ግን እማዬ ራሷ ረቡዕ ረቡዕ ቢሮ እየደወለች እንዴት ልጠርጥር?"

የቤታችን ስልክ ወደ ውጭ አገር እንዳይደውል ተዘግቷል። ሐዘን ነው፣ ጠበል ይወሰድ ተባለ። እኔም እንደዚያ ባምን ደስ ባለኝ። ግን ከአርባዋ በኋላ አልጋዋን ወደ መስኮቱ ማዞሬን ለማንም ሳልናገር፣ እሱ ነገረኝ። "ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል" ብላዋለች።

ሁለት ረቡዕ እቤት ስልኩ አጠገብ ተቀመጠ። አልጮኸም። እረፍቱን ሳይጨርስ፣ ካጣችኝ ትጨነቃለች ብሎ ተመለሰ። እንባ የሚባል ከዓይኑ ሳይወጣ ሄደ። በዓመቱ በእድገት ጄኔቭ ሲመደብ ሹመቱን ትቶ ሥራውን ለቀቀ፤ እዚያው ሃራሬ ኤምባሲ በተራ ጸሐፊነት ተቀጠረ። የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው አሉ፤ የድሮ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ቁጥሩ እንዳይቀየር።

በ1998 ዓ.ም. አብዱልወሃብ የሚባል የኤምባሲው ሹፌር ለእረፍት ሲመጣ ከወንድሜ ደብዳቤ ይዞልኝ መጣ። ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ክፍሉን እንደሚለቁለት ነገረኝ። ስልኩ በእውነት ይጮኻል ወይ አልኩት።

"አንድ ቀን ታሞ ቀርቶ እኔ አነሳሁት" አለ። "አሮጊት ናቸው። እርስዎ መስለውኝ ነበር።"

ስለ እኔ ጠይቃ እንደሆነ ጠየቅሁት።

"ቃሌን አቅርብልኝ ብቻ ነው ያሉት።"

ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ያገላበጥኳት እኔ ነኝ፣ አፏን ያጠብኩላት እኔ ነኝ፣ ዓይኗን የከደንኩት እኔ ነኝ። የስልክ ቁጥራችን እስከ ዛሬ ያው ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከቤት አልወጣም።