የሰባት ሰዓት ስፌት

ድሬዳዋ ቀን ትተኛለች። የማያምን እንግዳ ካለ በሰባት ሰዓት ታይዋን ገበያ ይሂድና ጥላ ስር የተጋደመ ነጋዴ ቀስቅሶ ይሞክር፤ ለሚጠጣው ስድብ ግን እኔ የለሁበትም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሰው ሁሉ ቬንትሌተሩን ወደ ራሱ አዙሮ ያርፋል። እኔም ስድሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሳርፍ የኖርኩ ነኝ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እሱ እንኳ ባቡሩ ካልጠራው በቀር በዚያ ሰዓት ከአልጋው አይወርድም ነበር።

ሥራዬ ስፌት ነው። ቤት ውስጥ የምንለብሰውን ስስ ቀሚስ፣ ሺቲ የምንለውን፣ ለሰፈሩ ሴት ሁሉ እሰፋለሁ። መኪናዬ በእግር የሚረገጥ አሮጌ ነው፤ ሲሠራ ግቢው ሁሉ ይሰማዋል። እንግዲህ እኔ፣ የድሬ ልጅ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ቀን በሰባት ሰዓት ተነስቼ እንደሰፋሁ እግዜር ይወቀው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ለዳኛ ከነገርኩ ወዲያ ከማን አፍራለሁ?

ከግድግዳዬ ማዶ ያለችውን ክፍል የተከራዩት ባልና ሚስት ናቸው። እሷ ከድሬ ወጣ ብላ ያለችው የሐርላ መንደር ልጅ ናት፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ፋብሪካ ትሠራለች። አማርኛዋ ኦሮምኛ ተቀላቅሎበት ነው የሚወጣው። በመጣች በሳምንቱ «አዮ» አለችኝ፤ እናቴ ማለቷ ነው። እኔ ልጅ አልወለድኩም፤ የዚያን ቀን ፊቴን ወደ መኪናዬ አዙሬ መርፌ የጠፋብኝ መሰልኩ። አገሯ ደርሳ ስትመጣ ጊሽጣ በፌስታል ይዛ ትመጣለች፤ በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች የበሰለውን ለእኔ፣ ጥሬውን ለራሷ። ሴት ልጇ መራመድ ስትጀምር ውሎዋ መኪናዬ ስር ሆነ። ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰብስባ ራሷ ላይ ትከምርና ሙሽራ ነኝ ትላለች።

እሱ ባጃጅ ይነዳል። አልዋሽም፣ ለእኔ ጥሩ ሰው ነበር። ጨርቄን ከገበያ በባጃጁ ያመጣልኛል፣ ሲገባ ሲወጣ «እማማ፣ ደህና ነሽ?» ሳይለኝ አያልፍም፤ ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ አይበረክትም። ባሌ ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ አፍ መክፈት ከባድ ነው።

እሷ የከሰዓት ፈረቃ የሚደርሳት ሳምንት፣ እሱ ለምሳ ሲገባ እቤት ያገኛታል። ነገሩ ሁሌም አንድ ነው፤ ፋብሪካውን ትተዪዋለሽ አትተዪውም። መጀመሪያ የእሱ ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ ወንበር ይወድቃል። ከዚያ የእሷ፣ በጨርቅ የታፈነ የሚመስል። የመጀመሪያው ቀን ደንግጬ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ቀጥሎ ምን አደረግኩ? ተነስቼ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩና ባዶ ጨርቅ አስገብቼ ረገጥኩት። ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴም ቴሌቪዥኗን ከፍ አደረገች። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል፣ ጣልቃ ገብተን ምን እንፈይዳለን አልን። እኔ ገመና መሸፈኔ ነበር። ነገ ስንገናኝ እንዳታፍር፣ አዮ እኮ ስትሰፋ ነበር እንድትል። ከሰው ሁሉ የተሻልኩ ጎረቤት ነኝ ብዬም አስብ ነበር፣ ወይ እኔ!

አንድ ቀን ከንፈሯ አብጦ መጣች። ቁልፍ እተክል ነበር፤ ቀና ሳልል «ቻይው ልጄ፣ ለልጅሽ ስትይ። እኔም ችዬ ነው የኖርኩት» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እጁ ከባድ ነበር። ችዬ ምን እንዳተረፍኩ ግን አልነገርኳትም። ምንም አላተረፍኩማ።

ከዚያ እጇ ተሰበረ። በተሰበረው እጇ ፈረቃ ልትገባ ሄዳ የፋብሪካው አለቃዋ፣ ሴት ናት፣ አይታ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ከሐኪም ቤቱም ፖሊስ ጣቢያ፣ ሴቶችና ሕፃናትን የሚያየው ክፍል። ዐቃቤ ሕጉ ከሰሰው። በዋስ ሲወጣ ዳኛዋ፣ ነገሩ እስኪያልቅ ግቢው ድርሽ እንዳትል አለችው። እኛም ለጥቂት ወራት በሰባት ሰዓት ተኛን።

እሱ ግን «ከፋብሪካው ደረጃ ወድቃ ነው» ብሎ ካደ። የሐኪሙ ወረቀት ደግሞ እጇ መሰበሩን እንጂ ማን እንደሰበረው አይናገርም። ምስክር ካልተገኘ ነፃ ይወጣል፤ ነፃ ከወጣ ክፍሉ የተከራየው በእሱ ስም ነውና የዚያኑ ቀን ተመልሶ ይገባል። ይህንንም በሽማግሌ ልኮባታል፤ ታርቀሽ ብትቀበዪው ይሻልሻል፣ ያለዚያ ተናዶ ነው የሚመጣው። ጎረቤቱ ሁሉ አላየሁም አልሰማሁም አለ። እሷ ሳትጠይቀኝ እኔን ምስክር አድርጋ አስመዘገበች።

መጥሪያው ሲደርሰኝ ደሜ ፈላ። ግቢው መሃል ልጇን በአንድ እጇ እያጠበች አገኘኋት። «አቦ፣ ምን በደልኩሽና ነው በዚህ ዕድሜዬ ፍርድ ቤት የምትጎትቺኝ?» አልኳት።

«ውሸት ተናገሪ አላልኩም፣ አዮ» አለችኝ። «የሰማሽውን ብቻ።»

ጄሶ የታሰረው እጇ እንዳይርስ ወደ ላይ አንስታዋለች፣ ሳሙናው ከሌላው እያመለጠ ያስቸግራታል፣ ልጅቷ ዓይኔን ዓይኔን ትላለች። ተናድጄ ሳሙናውን ቀማኋትና ልጅቷን እኔ አጠብኳት።

ታዲያ ብልጥ ነኝ አይደል፣ ዘዴ አገኘሁ። ውሸት ሳልናገር፣ እሱንም ሳላስከፋ። መኪናዬ ይጮህ ነበር እላለሁ፤ ደግሞ ይጮሃል፣ ማን ውሸት ይለዋል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ይህንን ይዤ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ።

ችሎቱ ውስጥ ቀኝ እጄን አንስቼ ማልኩ። እሱ ካለበት ሆኖ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ፣ ልክ እንደ ቤቱ። እሷ ወለሉን ታያለች። ዐቃቤ ሕጉ እጇ የተሰበረበትን ቀን ጠቅሶ ምን እንደሰማሁ ጠየቀኝ።

«እየሰፋሁ ነበር» አልኩ። «መኪናዬ ድምፁ ትልቅ ነው። ምንም ለይቼ አልሰማሁም።»

ደጋግሞ ጠየቀኝ፣ ደጋግሜ ያንኑ አልኩ። በረጅሙ ተንፍሶ ተቀመጠ። ጨረስኩ ብዬ ነጠላዬን ሳስተካክል ዳኛዋ ቀና አለች። ልጄ የምትሆን ሴት ናት።

«ለማጣራት ያህል» አለች። «ስንት ሰዓት ነበር?»

«ሰባት ሰዓት ቢሆን ነው።»

«እርስዎ ድሬዳዋ ነው የኖሩት?»

«ተወልጄ ያደግሁባት!» አልኩ፣ ኩራቴ አይቀርም።

«እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት» አለች። «እናቴ በሰባት ሰዓት ውሃ እንኳ አታጠጣንም፣ ተኙ ነበር የምትለን። እርስዎ በዚያ ሙቀት ሁልጊዜ ይሰፋሉ?»

«ሁልጊዜ እንኳ አይደለም።»

«ታዲያ መቼ መቼ ነው የሚሰፉት?»

ዳኛዋ አልቸኮለችም፣ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ይሄን ሰፋሁ የምለው ሺቲ ልፈልግ ብል የለም፤ በዚያ ሰዓት የሰፋሁት ሁሉ ባዶ ጨርቅ ነው፣ ወዲያ ወዲህ፣ ክር ብቻ የጨረሰ። እግሬ ወለሉ ላይ መርገጥ መጀመሩን አየሁና አቆምኩት።

«እሱ ሲመታት ነው የምሰፋው» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ የቀረውን ማን ይከልክለኝ። ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ የወንበሩን ድምፅ፣ የዚያን ቀን «እጄን፣ እጄን» ብላ በኦሮምኛ መጮኋን፣ እኔም መስማቴን፣ ሰምቼም ይበልጥ መርገጤን ተናገርኩ። እያለቀስኩ ነበር፤ አፍሬ ነው ያለቀስኩት። እሱን አላየሁትም። ዳኛዋ ሁሉንም ጻፈች፣ አንዴም አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ውጭ ኒም ዛፉ ስር ጠበቅኋት። መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ ሁለታችንም ባጃጅ አንጠራም። «ይቅር በዪኝ ልጄ» አልኳት። «እኔ እኮ እንዳታፍሪ ብዬ ነበር። አልሰማችኝም እንድትዪ።»

ገርሟት አየችኝ። «አዮ፣ አንቺ መስማትሽን እኮ በመኪናው ነበር የማውቀው» አለች። «መኪናው ሲነሳ፣ ሰማች እል ነበር። አሁን ክሩን በጥሳ ትመጣለች እል ነበር።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷም ተቀመጠችና ጄሶ የወጣለትን ቀጭን እጇን እጄ ላይ አደረገች። ማጽናናት የሚገባኝ እኔ ሆኜ ሳለ እሷ እኔን ታጽናናለች። ይህን ያህል ጊዜ በመኪናዬ ሰማሁሽ ስላት ኖሬ፣ ሳልሄድላት ቀርቼ።

ተፈረደበት። ክፍሏን በስሟ አዛወርን፤ አከራያችንን ያሳመንኩት እኔ ነኝ፣ አፌ ለዚህ ካልሆነ ለምኑ ነው። የከሰዓት ፈረቃ በሌላት ቀን እሷና ልጇ በሰባት ሰዓት እኔ ዘንድ ነው የሚተኙት፣ ቬንትሌተሩ አንድ ይበቃናል። በዚያ ሰዓት መኪናዬን በሺቲ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሦስታችንም ተኝተን ሳለ ፊት ለፊት ካለችው ጎረቤቴ ቤት ቴሌቪዥኑ ድንገት ከፍ አለ። ጫማዬን እንኳ ሳላደርግ በዚያ በሚያቃጥል ሲሚንቶ ላይ ሄጄ በሯን ደበደብኩ። ፀጉሯ ተንጨብሮ ወጣች።

«ምነው፣ ሰው ሞተ?»

«ቴሌቪዥንሽ ጮኸ።»

«ልጆቹ ናቸው፣ ኳስ እያዩ ነው። አቦ፣ ለዚህ ነው የቀሰቀስሽኝ?»

«አዎ» አልኩ። ወደ ብርሃኑ አዙሬ ፊቷን በደንብ አየሁት፣ እጆቿንም አየሁ። ምንም የለባትም። ይቅርታ ጠይቄ ተመልሼ ተኛሁ።