የስድስት ሰው ድንኳን

ብዙ ዘመን ታጥፎ የቆየ ድንኳን ሲፈታ የራሱ የሆነ ሽታ አለው። የላስቲክ፣ የደረቀ ሣር፣ ትንሽም የላምባ ሽታ። ባለፈው ቅዳሜ ሶዶ እናቴ ግቢ ውስጥ አሮጌውን ድንኳን ላናፍሰው ብዬ ከረጢቱን ስከፍት፣ ያ ሽታ ይዞኝ ሄደና እዚያው ቁጢጥ እንዳልኩ ቀረሁ። ልጄ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። እኔ ግን በሐሳቤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ የሐጂ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር።

አንቺ ጓደኛዬ፣ ሶዶ ስላላደግሽ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። በየዓመቱ በበጋ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ከየወረዳው መጥተው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰቡና ለጥቂት ቀናት እዚያው ያድራሉ። ኮንፈረንስ እንለዋለን። ስብከቱ ለትልልቆቹ ነው፤ ለእኛ ለልጆቹ ቁም ነገሩ ውጭ ማደሩ ነበር። ሰው እንደ አቅሙ ሸራ ይወጥራል፣ ላስቲክ ይዘረጋል፣ የቅጠል ዳስ ይሠራል። አንድ ዓመት ግን ጉኑኖ የምትባል ከተማ አጠገብ ያልታሰበ ዝናብ ጣለና ሸራችን ውኃውን ቋጥሮ ቋጥሮ በመጨረሻ እላያችን ላይ ደፋው። እናቴ የራሰ ብርድ ልብስ እየጨመቀች «ሁለተኛ ሸራ ሥር ካደርኩ ምን አለች በሉኝ!» አለች። እናቴ አለች ማለት አበቃ ማለት ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ደህና የቤተሰብ ድንኳን መግዛት ግድ ሆነ።

ዓመቱ ከመድረሱ በፊት ግን ትልቁ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። በእኛ ሰፈር ከየቤቱ አንዳንድ ወጣት ሄዷል፤ ከእኛ ቤት እሱ ሆነ። ደርሶ ደወለ። «ሱቅ ነው የምሠራው፣ ደህና ነኝ፣ ለጊፋታ እመጣለሁ» አለ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ የትም ያለ ሰው ወደ ቤቱ የሚገባበት። ጊፋታ መጣ፤ ከእሱ የመጣው ግን ድምፁ ብቻ ነበር።

እናቴ አባቴን የምትጠራው በትልቁ ልጅ ስም ነበር፤ «የእገሌ አባት» እያለች። ስሙን ለራሴ ላስቀረው። ወንድሜ ከሄደ በኋላም አጠራሯን አልቀየረችም። «የእገሌ አባት፣ ራት ቀርቧል»፣ «የእገሌ አባት፣ በሩን ዝጋ»። እንዲህ እየሆነ ቤታችን ውስጥ ስሙ ሳይጠራ አይመሽም ነበር።

አባቴ ግብርና ቢሮ ነበር የሚሠራው። ዕቃ ሲገዛ ሙሽራ የሚመርጥ ነበር የሚመስለው። ድስቱን አንኳኩቶ፣ ባልዲውን ፀሐይ ላይ አይቶ፣ ሻጩን አድክሞ፣ መጨረሻ ላይ «እስቲ እናስብበት» ብሎ ይወጣል። እናቴ «እኔንስ ሳያንኳኳ እንዴት ወሰደኝ?» እያለች ትስቅበት ነበር።

ድንኳኑን ልንገዛ ሁላችንም ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድን፤ ሐጂ ሶዶ ከተማ ውስጥ ያረጁ የስልጤ ነጋዴ ነበሩ። ሱቃቸው ውስጥ ፍራሽና ገመድ ጣሪያ ድረስ ስለተከመረ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነበር፤ ድንኳኖቹን በረንዳው ላይ አውጥተው ዘረጉልን። አባቴ ሥራውን ጀመረ። ጨርቁን ወደ ፀሐይ አንስቶ ቀዳዳ ፈለገ። ስፌቱን በሁለት አውራ ጣቱ ሳበ። ስፌቱ ከውስጥ በላስቲክ ያልተሸፈነውን «ይሄ ያፈሳል» ብሎ ወደ ጎን ገፋው። ወለሉ ከግድግዳው ጋር የተሰፋ መሆኑን አየ፤ ዚፑን ከውስጥም ከውጭም ደጋግሞ ከፈተ፤ ካስማዎቹን ድንጋይ ላይ መታ። አንድ ሰማያዊ ድንኳን ይህን ሁሉ አለፈ። አባቴ ግን አልጠገበም። ጨርቁን እኔና እህቴ ጫፍና ጫፉን አስይዞን መሃሉ ላይ ውኃ አፈሰሰ፤ ታናሽ ወንድማችን ከሥር ገብቶ መዳፉን ዘርግቶ ጠብታ ጠበቀ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየናል። እህቴ በሐፍረት አንገቷን ደፍታለች።

«ደረቅ ነው!» ብሎ ጮኸ ታናሽ ወንድሜ።

ሐጂ በሳቅ ሞቱ። «አንተ ሰውዬ፣ ድንኳን ነው ጀልባ የምትገዛው?»

ያ ሰማያዊ ድንኳን በሁለት ልክ ነበር የመጣው፤ የአምስት ሰውና የስድስት ሰው። ሐጂ በጣታቸው ቆጠሩን። አባት፣ እናት፣ ሁለት ሴት፣ አንድ ወንድ። «የአምስቱ ልክክ ይልላችኋል» አሉ። አባቴ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ።

«ኡሱፑና» አለች እናቴ።

በወላይትኛ ስድስት ማለቷ ነው። ሱቅ ስትገባ ሁልጊዜ አማርኛ ነበር የምትናገረው፤ ያን ጊዜ ግን ቃሉ ቀድሟት ወጣ። ሐጂ ወላይትኛ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ዞር ዞር ብለው ከኋላችን ሰው ፈለጉ።

«ስድስተኛው ማን ነው?»

«ትልቁ ልጄ። ሩቅ ነው ያለው። ይመጣል።»

ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስሚኝ ልጄ፣ ድንኳን የሚሞቀው በሰው ትንፋሽ ነው። ባዶ ቦታ ካለው ይበርዳችኋል» አሏት። ክፋት አልነበራቸውም፤ ለእኛ አስበው ነው።

«ይብረደን» አለች እናቴ። «ልጄ መጥቶ ቦታ ከሚያጣ እኛን ይብረደን።»

አባቴ ወዲያው ገንዘቡን አወጣና «የስድስቱን ስጡን» አለ። ሳያስብበት ዕቃ ሲገዛ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እውነትም በረደን። ውኃ ግን አንዲት ጠብታ አልገባም። እናቴ መኝታውን አከፋፈለች፤ አባቴ በበሩ በኩል፣ እኛ ልጆቹ መሃል፣ ከእኛ ቀጥሎ እሷ፣ ከእሷ ወዲያ በግድግዳው በኩል ባዶ ቦታ። ታናሽ ወንድሜ የጎደሬውን ድስት እዚያ ሊያስቀምጥ ሲል ሳትቆጣው አንስታ ወደ እግራችን አደረገችው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ ላይ ማንም ምንም አላስቀመጠም። በየዓመቱ እንዲሁ አደርን።

ጠዋት ፀሐይዋ በጨርቁ ውስጥ ስትገባ ሁላችንም ሰማያዊ እንሆን ነበር። ከሜዳው ዳር መዝሙር ይሰማል፣ የእርጥብ እንጨት ጭስ ይሸታል፣ አባቴ ገና ያንኮራፋል። ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው የእናቴን ጀርባ ነበር። ፊቷን ወደ ባዶው ቦታ አዙራ ነበር የምትተኛው። ያ ሰማያዊ ጠዋት ይናፍቀኛል፤ የአባቴ ማንኮራፋት ሳይቀር ይናፍቀኛል።

የወንድሜ ስልክ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። በኋላ ስንደውልለት መጥራቱንም ተወ። አብረውት የሄዱት «ሌላ ከተማ ሄዷል መሰለን፣ ከዚያ ወዲህ አላየነውም» አሉን። ዓመታት አለፉ። አባቴም በመሃሉ አረፈ። አንድ ቀን ዘመዶች ተሰብስበው መጡና «እርሙን እናውጣ፤ ድንኳን ይተከልና ይለቀስለት» አሏት። ስለ ሞቱ የነገረን ሰው የለም፤ ስለ መኖሩም የነገረን የለም። እናቴ እንግዶቿን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ለልጄ ድንኳን ገዝቼለታለሁ» አለች። «ሌላ አትትከሉለት።»

ሁለተኛ ያነሳው የለም።

ቅዳሜ ዕለት ድንኳኑን ወጥሬ ስጨርስ ውስጡን ልጠርግ ገባሁ። ወለሉ እኛ በተኛንበት በኩል ሁሉ ቀለሙ ለቆ፣ ሳስቶ፣ ነጣ ነጣ ብሏል። በግድግዳው በኩል ግን አንድ ሰው የሚያስተኛ ያህል ቦታ ሐጂ ሱቅ እንዳየነው ደማቅ ሰማያዊ ነው። እጄን አሳረፍኩበት። ልጄ ከኋላዬ እየዳኸች ገባችና ሄዳ ልክ እዚያ ላይ ጋደም አለች።

«እማዬ፣ እዚህ ጋ አዲስ ነው!»

«ተነሺ ከዚያ!» አልኳት። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ፤ ልጅቷም ደነገጠች።

እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ከዘራዋን ይዛ ቀስ እያለች መጣችና በበሩ በኩል ጎንበስ ብላ አየችን። የልጅ ልጇን አየች፣ ቦታውን አየች።

«ተያት» አለችኝ። «እስኪመጣ ታሙቅለት።»