የዘገዬ ሰማያዊ ገንዳ

ዘገዬ እጁን እስከ ክርኑ ውሃ ውስጥ ነክሮ ዓሦቹን ይለያል። መለያው ራሱ የሠራው የእንጨት ሳጥን ነው፤ ከሥሩ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ተደርድረውበታል። ሳጥኑን ውሃው ላይ አንሳፍፎ ቀስ ብሎ ሲወዘውዘው ትንንሾቹ በዘንጎቹ መሀል ሾልከው ይወርዳሉ፤ ለገበያ የደረሱት ይቀራሉ። ከጣት የማይረዝሙ፣ የደረቀ የወይራ ቅጠል የሚመስሉ ዓሦች ናቸው። ሚኖ ይሏቸዋል። ለመብል አይደሉም፤ እዚህ ፈረንጅ አገር ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች መንጠቆ ላይ ሰክተው ትልቁን ዓሣ ያባብሉባቸዋል።

በዚህ ሥራው ያልቀለደበት የቤተ ክርስቲያናችን ሰው የለም።

«ዘገዬ፣ ዓሣ ታረባለህ አሉ፤ መቼ ነው የምትጋብዘን?»

«መቶውን ብትጠብሱት አንድ ጉርሻ አይወጣውም» ይላል፣ ሳይቀየም።

ዘገዬ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ከከተማችን ዳር፣ ካናል ዊንቸስተር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ አሥራ አንድ ዓመት ዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት ነድቶ ወገቡ እምቢ ሲለው ተወው። ያኔ ከከተማው ወጣ ብሎ ሦስት ኩሬ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ መረብ ይስብላቸው ነበር። ሽማግሌው ሲደክሙ ቤቱንም ኩሬዎቹንም አከራዩት። ባለቤቱ ህብረት አረጋውያን በየቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች፤ እሱ ከዓሦቹ ጋር ይውላል።

አንድ ጊዜ ህብረት ወስዳ አሳየችኝ። በኩሬው ዳር፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ፣ ከወጥ ቤት እድሳት የተረፉ ሴራሚኮች በድንጋይ ላይ ተጋድመዋል። ሴቷ ዓሣ እንቁላሏን ከሴራሚኩ ሥር ለጥፋ ትሄዳለች። ወንዱ እዚያው ይቀራል። በዚያ ወራት መልኩ ይጠቁርና ግንባሩ ላይ ነጫጭ እባጭ ያወጣል፤ የጀርባውን ለስላሳ ቆዳ እንቁላሎቹ ላይ እያሻሸ ያጸዳቸዋል፤ የሚቀርበውን ሁሉ በግንባሩ እየገፋ ያባርራል።

«አዩ እትዬ፣ የሚያሳድገው አባትየው ነው» አለች ህብረት። «ዘገዬን ከነሱ ተማር እለዋለሁ።»

«እኔ ስንት ሺህ አሳድጋለሁ!» አለ እሱ ከወዲያ ማዶ። «አንቺ የወለድሽልኝ ሁለት ብቻ!»

ባለፈው ዓመት ግን አልሳቁም። በብርዱ ወራት ግግር በረዶ ኩሬዎቹን ከድኗቸው ዓሦቹ ታፍነው አለቁ። ከከተማው በስተሰሜን ሐይቅ ዳር ሱቅ ያለው ትልቁ ደንበኛው ጸደዩን ሙሉ ጠብቆ ባዶ እጁን ቀረ። ዘንድሮ ሰውየው ቁርጡን ነገረው፤ «አንዴ ታግሼሃለሁ። በዚህ ዓርብ ካላመጣህ ከደቡብ በጭነት መኪና ከሚያመጡት እገዛለሁ።» ያ ሱቅ ከቀረ የኩሬዎቹን ኪራይ መቻል የለም። ዘገዬ ያን ወገቡን ይዞ ወደ ፎርክሊፍቱ መመለሱ ነው።

ዓሦቹ ከመጫናቸው በፊት አንድ ቀን ሳይበሉ በንጹሕ ውሃ መቆየት አለባቸው፤ ሆዳቸው ካልጸዳ መንገድ ላይ ይሞታሉ። ለዚህ ትልቅ ሰማያዊ ገንዳ አለው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሞርስ ሮድ ላይ በኪራይ አዳራሽ ስለሆነ መጠመቂያ የለንም፤ በየዓመቱ ያንን ገንዳ እንዋሰዋለን። ዘንድሮም ሰባት ወጣቶች ተጠመቁበት። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ወንድሞች በፒክአፕ ሲመልሱት እኔም አብሬ ሄድኩ። ሳሙና እንዳይነካው ዘገዬ አደራ ስላለ በብሩሽ ብቻ ፈትጌ አጠብኩት። እሱ ከጉብታው ጀርባ ኩሬ ላይ ነበርና አላየንም።

እኛ ዘንድ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ሳህን የተዋሰ፣ ትንሽም ቢሆን የሆነ ነገር አድርጎበት ይመልሳል። ሳምቡሳ በሳህን ይዤ ሄጄ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩ። ገንዳው ውስጥስ ምን ይደረጋል? ከበረንዳው ሥር ቧንቧና ጎማ አየሁና ውሃ ሞላሁበት።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው? እንሂድ እንጂ!» አሉኝ ሁለቱ ወንድሞች ከመኪናው።

«ባዶውን ጥዬው ልሂድ እንዴ?»

በዚያ ግቢ ሁለት ዓይነት ውሃ እንዳለ አላወቅኩም። የበረንዳው ቧንቧ ዓሣ የሚገድል ክሎሪን ያለበት የከተማው ውሃ ነው። ዓሦቹ የሚገቡበት የጉድጓድ ውሃ ግቢው ውስጥ ካለው ዕቃ ቤት ጀርባ ነው የሚቀዳው። ሐሙስ ሐሙስ ገንዳውን ከጉድጓዱ ሞልታ ወደ ሥራ የምትሄደው ህብረት ናት፤ ያን ቀን ግን እሱ ሳያውቅ የሌላ ሰው ሺፍት ይዛ ማልዳ ወጥታለች። ዘገዬ ዓሦቹን ይዞ ሲመጣ ገንዳው ሞልቶ አገኘው። «ህብረትዬ፣ ተባረኪ» ብሎ ዓሦቹን ገለበጠበት።

ብዙም ሳይቆይ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፋፍቱ ጀመር። አየር ያነሳቸው መሰለው። የአየር ፓምፕ ጨመረ። ሌላም ጨመረ። ባሰባቸው፤ አንዳንዶቹ በጎናቸው ተንሳፈፉ።

እኔ ክሊንተንቪል ቤቴ ደርሼ ቧንቧውን መዝጋቴን ስጠራጠር ነበር። ሰው ጋ መደወል ይከብደኛል። ሁለቴ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት፤ በሦስተኛው ደወልኩ።

«ዘገዬ፣ ይቅርታ፣ ቧንቧውን ክፍቱን ትቼው ይሆን?»

«የቱን ቧንቧ፣ እትዬ ዓለምነሽ?» ያለቅሳል እንዴ አልኩ፤ ድምፁ ሌላ ነው።

«የበረንዳውን። ገንዳውን የሞላሁበትን።»

«እርስዎ ነዎት የሞሉት?»

«ባዶውን እንዴት ልመልሰው ብዬ…»

«ይቆዩኝ!»

ሲሮጥ ይሰማኛል። የቆርቆሮ ክዳን ተንኳኳ፤ ውሃ ተንቦራጨቀ። ለካ ክሎሪንን የሚያከሽፍ እንደ ስኳር ያለ ነጭ ነገር ከሽማግሌው ጊዜ ጀምሮ መደርደሪያው ላይ ነበረው። እኔ ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። ብዙ ቆይቶ መጣ።

«እትዬ፣ አሉ?»

«አለሁ ልጄ።»

«ወደ ታች እየወረዱ ነው። መዋኘት ጀምረዋል።»

ከዚያ ነገሩን አስረዳኝ። እንባዬ መጣ።

«አያልቅሱ እንጂ! ባይደውሉልኝ ኖሮ አየር እየነፋሁላቸው እጨርሳቸው ነበር» አለኝ። ቀጥሎ ሳቀ። «ለከርሞ ግን ገንዳዬን ባዶውን ይመልሱልኝ። አልቀየምዎትም።»

የሞቱት ሁለት ጆግ ቢሞሉ ነው፤ በነሱ ፈንታ ከኩሬው ጨመረ። ዓርብ እኩለ ቀን ሐይቁ ዳር ደረሰ። ባለሱቁ እጁን ሲከት ዓሦቹ እንደ ጭስ ተበተኑ። «በሚቀጥለው ሳምንትም ይህንኑ ያህል አምጣልኝ» አለው። ዘገዬ መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን እንደያዘ ጥቂት ተቀመጠ፤ ትከሻው ቀለለው።

ሲመለስ በእኔ ቤት በኩል አልፎ የሳምቡሳውን ሳህን ሊያደርስልኝ ነበር። ህብረት አጥባ፣ ከጓሮዋ የቀጠፈችውን ቆስጣ ሞልታበት ከጎኑ ወንበር ላይ አስቀምጣለታለች። እሱ ግን የሚቀጥለውን ሳምንት ትእዛዝ ሲያስብ መታጠፊያውን አልፎ በቀጥታ ኩሬው ጋ ሄደ።

ማታ ደወለልኝ። «እትዬ፣ ሳህንዎን ረሳሁት። ነገ አደርሳለሁ።»

ይኸው አሥር ቀን ሆነው። ቆስጣው ጠውልጓል አሉ፤ ባዶውን ደግሞ እንዴት ይመልሰው? ህብረት ሌላ እስክትቀጥፍ ሳህኔ እዚያው መኪናው ውስጥ ነው።