የቢርካው ጥቁር ጭረት

አሮጌ ባትሪ ሲቀልጥ የሚወጣው ሽታ፣ ያ ምላስ ላይ እንደ ሳንቲም የሚቀመጠው፣ ባለፈው ሳምንት ጨርቅ ልሸጥ ደገሀቡር ወርጄ በአንድ አጥር ስር ሳልፍ አፍንጫዬን መታኝና ጅጅጋ ያለው ግቢያችን ፊቴ ድቅን አለ።

ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን አደር መሐድ (ሁላችንም «አደር»፣ አጎቴ፣ እያልን ነበር የምንጠራቸው) የመኪና ባትሪ እያቀለጡ እርሳስ ይሸጡ ነበር። በበጋ ንፋሱ ጭሱን እየነዳ ቆርቆሯችን ላይ ያሳርፈው ነበር፤ ዝናብ ሲጥል ያ ሁሉ ታጥቦ፣ የጣሪያ ውሃ ወደምናጠራቅምበት ጉድጓድ፣ ወደ ቢርካው ይወርዳል። የምንጠጣው እሱን ነበር። ታናሽ እህቴ ኢፍራህ በሆድ ቁርጠት ስታለቅስ እናቴ፣ «ጭስዎ ነው» ስትላቸው፣ «ጭስ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ይሄዳል?» እያሉ ይስቁ ነበር።

አንድ በጋ ሬዲዮ ላይ፣ ተመራማሪዎች በምድር ጫፍ ያለውን በረዶ ቆፍረው፣ ድሮ መኪና ነዳጅ ውስጥ ይጨመር የነበረ እርሳስ ከየዓመቱ ንብርብር መሃል እንዳገኙ ሲወራ ሰማሁ። መኪና ባልደረሰበት አገር! ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

በልግ ከመግባቱ በፊት ቢርካ ይጠረጋል፤ አፉ ጠባብ ስለሆነ በገመድ የምወርደው ቀጭኗ እኔ ነበርኩ። ሌላ ጊዜ መሃሉን ብቻ ዝቄ እወጣ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ያልተነካውን የጥጉን ጭቃ በቢላዋ እንደ ዳቦ ቆርጬ፣ በትሪ ይዤ ወጣሁ። ከታች ንጹሕ ቀይ አፈር ነበር፤ ከመሃል ጀምሮ በየዝናቡ አንድ ጥቁር ጭረት።

ሰው ፊት ቀና ብዬ የማላውቅ ልጅ፣ አደር መሐድ ደጃፍ፣ ሰው መሃል ቆምኩ።

«ዝምተኛዋ ምን ይዛ መጣች? ጣፋጭ ሐልዋ ነው?» አሉ። ሰዉ ሳቀ።

«አደር፣ ከዚህ ጭረት በታች እርስዎ ሰፈራችን አልመጡም ነበር» አልኩና የበረዶውን ወሬ ነገርኳቸው።

«አንቺ በረዶ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ጭቃ ግን አውቃለሁ። እርሳሱ በዓይን አይታይም፤ ጥላሸቱ መንገዱን ያሳያል።»

እናቴ ከመጥረጋችን በፊት የቀዳነውን ውሃ በጣሳ ዘረጋችላቸው። «እንግዲያው ይጠጡ።»

አልጠጡም። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጠው ገቡ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም፤ ዝናቡም ሳይጥል ምድጃቸው ከሰፈራችን ወጣ።

ዛሬም ዓይናፋር ነኝ፣ ትምህርቴም ከስምንተኛ አላለፈም። ያኔ ሰው ደጃፍ ለመቆም ትሪ መያዝ ነበረብኝ። ባለፈው ሳምንት ግን ባዶ እጄን፣ ደገሀቡር ባትሪ ከሚቀልጥበት ከዚያ አጥር አጠገብ ያለውን ቆርቆሮ ቤት አንኳኳሁና የከፈተችልኝን ሴት ጠየቅኋት፦

«እህቴ፣ ቢርካችሁን የሚጠርገው ማነው?»