ተዘግቶ የተለካ ቤንዚን

ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ነው የሚለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካርቡራተር ሲያስተካክል መለኪያ ነክቶ አያውቅም። ኮፈኑን ከፍቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ «ቤንዚን አንሶታል» ይላል፤ እንዳለውም ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያስቸግር ደግሞ ሚስቱን ጠይቁ። ሐኪም ደረቱን ሲያዳምጠው «ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልስማው» ያለ ጉደኛ ነው።

ሴት ልጁ መኪና ተወዳዳሪ ሆነች። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው የሚሽቀዳደሙት ዓይነት። ይህም አልበቃ ብሏት ናይትረስ የሚባል ጋዝ ጠርሙስ ከኋላ ወንበር አስራ መጣች።

«ይሄ ጥርስ ሐኪም ቤት የሚሰጡት፣ ሰው የሚያስቀው ጋዝ አይደል እንዴ?» አለ ጆሮ። «መኪናው ይስቅልሽ ብለሽ ነው?»

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ጋዙ ሞተሩን ጉልበተኛ ያደርገዋል፤ አብሮት በቂ ቤንዚን ካልገባ ግን ፒስተኑን ያቀልጠዋል። የቤንዚኑን ልክ የምትወስነው ጅግለር የምትባል፣ መሐሏ የመርፌ ዓይን በሚያክል ቀዳዳ የተበሳች ትንሽ ብሎን ናት፤ እሷና የነዳጁ ግፊት። ግፊት ደግሞ በጆሮ አይሰማም። ጆሮ እያጉረመረመ መለኪያ ገጠመ፣ ፓምፑን አስነሳ፣ ቀስቱ ስድስት ላይ ቆመ። ከጋዙ ጋር የመጣው መመሪያ ወረቀትም ስድስት ነው የሚለው። «አለቀ» አለና እጁን ታጠበ።

በመጀመሪያው ውድድር ፒስተኑ ተበሳ። ጆሮ ጭሱ እንኳ ሳይበርድ ፈረደ፤ «እግርሽ ነው። ነዳጁን ረግጠሽ ቆየሽበት።»

ልጅቱ አመነችው። በጆሮ ቃል ማን ይጠራጠራል? ሞተሩ ታድሶ ከተመለሰ በኋላ መንገዱ እኩሌታ ላይ ስትደርስ እግሯ በራሱ ጊዜ ከነዳጁ ላይ ይነሳ ጀመር፤ ሞተሩ ዳግም አልተቃጠለም። አምስት ወር ሙሉ ተሸነፈች። አንድ ፋርማሲስት እንኳ የሕፃን ወንበር ባልወለቀለት የቤት መኪና አለፋት። በመጨረሻ «ቅዳሜ ተወዳድሬ መኪናውን እሸጠዋለሁ፤ እግሬ ለዚህ አልተፈጠረም» አለች።

ረቡዕ ጠዋት ጆሮ ገላውን እየታጠበ፣ ፊቱ ሁሉ ሳሙና እንደሆነ፣ ውሃው ድንገት ወደ ጠብታ ወረደ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝጊው!»

«ዕቃ እያጠብኩ ነው» አለች ሚስቱ ከወጥ ቤት። «ሁሉም ሲዘጋማ ቧንቧው ጉልበተኛ ነው፤ ሲከፈት ነው አቅሙ የሚታወቀው።»

ጆሮ ሳሙናው ዓይኑን እየለበለበው ደርቆ ቀረ። ቤንዚኑን የለካው ተዘግቶ፣ ሳይፈስ ነበር።

ሳይለቃለቅ ጋራዡ ሄደ። ጅግለሯን ቱቦው ጫፍ ላይ አሰረና ቤንዚኑ ወደ ጀሪካን እንዲፈስ ለቀቀው። ስድስት የነበረው ቀስት አራት ላይ ወረደ። ጎማ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

ማስተካከሉ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ እየፈሰሰ ስድስት እስኪል ግፊቱን ከፍ ማድረግ። ዝም ብሎ ቢያስተካክለው ማንም አያውቅበትም፤ ሞተሩ ይድናል። እግሯ ግን አይድንም። ጆሮ ደግሞ «ተሳሳትኩ» የሚባል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። አንዴ የማያውቀው ሰው ሠርግ ገብቶ በልቶ ሲወጣ እንኳ «ሙሽሮቹ ናቸው ቦታ የቀየሩት» ብሎ ድርቅ ብሏል።

በምሳ ሰዓት ልጁን አስጠራት። መለኪያውን አሳያት። «ስድስት ነው። በይ አሁን ቤንዚኑን ክፈቺው።»

ከፈተችው። አራት ሆነ። ቀስቱን ትኩር ብላ አየችና «ያን ጊዜ ተዘግቶ ነበር የለካኸው?» አለች።

«አዎ።»

«እና እግሬስ?»

«እግርሽ ምንም አላደረገም። ፒስተኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው፤ ከዚያ በአንቺ አላከክሁ።» እንዲህ ያፈረበት ቀን የለም።

«አምስት ወር፣ አባዬ! ደረጃ ስወርድ ሁሉ እግሬን ስረግመው ነበር እኮ!»

ብድግ ብላ ወጣች። ሄደች ሲል የመኪናው በር ተከፈተ። «ና ግባ» አለችው።

መለማመጃው መንገድ ላይ ቤንዚኑ እየፈሰሰ ግፊቱን ስድስት ላይ አሰሩት። ከዚያ ነዳጁን ረገጠችው። ጆሮ በሁለት እጁ ወንበሩን ጨምድዶ እግሯን ብቻ ያይ ነበር። እኩሌታው ጋ ደረሱ፤ አለፉት። እግሯ አልተነሳም።

ስትቆም ወርዳ ካንዴላውን ፈታች፣ ቤንዚን እንደበቃው የሚናገረውን ቀለሙን አየችና በጨርቅ ጠቀለለችው።

«ሞተሩ ደህና ነው» አለች። «አንተን ግን ገና አልማርኩህም።»

«እሺ፣ ልጄ።»

«ቅዳሜ መነሻው ላይ ቁም። ስነሳ ሳላይህ እንዳልቀር።»