ሺህ ዘጠኝ ሳሙና

በሒሳብ ዲግሪ ይዞ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ ማጨድ የሚያስቀው ሌሎቹን አጫጆች ነው። ከመተማና ከቋራ የመጡት ጓደኞቼ “ሊቁ” ይሉኛል፤ ማጭዴ ሲዶለዱም በቀመር ሳለው እያሉ ያሾፉብኛል። እኔም ብሆን አፌ አያርፍም።

ባለፈው አጨዳ የእርሻው ወኪል የልብስ ሳሙና በጆንያ ላከልን። ሊቅ ነህና አካፍል ተባልኩ። ቆጠርኩት፤ ሺህ ዘጠኝ። ለስምንቱ የአጫጅ ቡድን አካፈልኩ፣ አንድ ተረፈ። ወጥ ሠሪዎቹም ራሳቸውን ችለው ይቆጠሩ ሲባል ለዘጠኝ አደረግኩት፤ አንድ ተረፈ። የለም፣ ትንንሾቹ ቡድኖች ይዳበሉ ተባለና ለሰባት አካፈልኩ። እንደገና አንድ! እሷን ይዤ እንደ ጅል ቆምኩ።

አንድ የቋራ ሰው ብድግ አለ።

“እንዴትም ብታካፍል አንዷ እጅህ ላይ ናት። ሐራሚ!”

ሐራሚ ሌባ ማለት ነው፤ ድንበር የተሻገረ ሰው ቶሎ የሚማራት አረብኛ። አያ የምንላቸው ሽማግሌ አለቃችን ነገሩ እስኪጣራ ከማዕዱ እንዳልቀርብ አዘዙ። በዚያ ሜዳ ከቡድኑ ጋር የማይበላ ሰው የት ይገባል? 

አስረዳሁ። ሺህ ዘጠኝ ብቸኛ የሚባል ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም እኩል አይከፍለውም። ሺህ ስምንት ግን ለሰባትም ለስምንትም ለዘጠኝም እሺ ባይ ነው፤ አንዷ የምትተርፈው ለዚያ ነው። ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውም፣ ቢጻፉ ይህን ማሳ የሚሞሉም አሉ አልኩ። አያ በጥሞና ሰምተው፣

“እንግዲያው ወይ አንድ ሰው ይውሰደው፣ ወይ ሺህ ዘጠኝ ሰው ፈልግ” አሉኝ።

ሸራ አንጥፌ ሳሙናውን በረድፍ ደረደርኩ። በአሥራ አንድ፣ በአሥራ ሦስት፣ በአሥራ ሰባት፤ የመጨረሻው ረድፍ ሁልጊዜ ይጎድላል። ሠላሳ አንድ ላይ አቆምኩ። ከዚያ የሚበልጥ አካፋይ ቢኖር ኖሮ አብሮት የሚባዛው ትንሽ ጓደኛው ቀድሞ ይገኝ ነበር። የቋራው ሰው ግን ሠላሳ ሰባት ላይ ምን ደብቀሃል ብሎ ድርቅ አለ። ደረደርን፤ ጎደለ። ከዚያማ ሁሉም በየራሱ ቁጥር ካልሞከርኩ ብሎ ተንበረከከ። እኔ ተረሳሁ፤ ጠቡ ከቁጥሩ ጋር ሆነ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የቋራው ሰው ተሰላቸ። “ከላስ፣ በቃ” ብሎ አንዷን አነሳና በርሜሉ ዘንድ ሄዶ ራሱን ታጠበባት። የቀረው ለስምንቱም ቡድን ልክክ አለ። ሁሉም መረቀው። ሐራሚ ያለው ግን የለም፤ አረርኩ።

ማታ አያ ለራት ጠሩኝ። የቋራው ሰው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ፤ ከአሲዳው ገንፎ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎም ዘረጋልኝ። የታረቀህን ሰው ጉርሻ እንዴት ትመልሳለህ? አፌን ከፈትኩ። ሰውዬው እጁን በደንብ አላለቀለቀም ነበር፤ ሺህ ዘጠነኛዋን ሳሙና ከነአረፋዋ ዋጥኳት።