የሟች መወርወሪያ

በእንግሊዝ አገር፣ በላንክሻየሩ የሽመና ፋብሪካ አዳራሽ ሦስት መቶ የሽመና መኪና ባንዴ ሲንጓጓ ነጎድጓድ ራሱ ቢመጣ ሰሚ አያገኝም። ስለዚህ ሴቶቹ ሐሜቱንም ስድቡንም በከንፈር ያወራሉ፤ ድምፅ የለው፣ ትንፋሽ የለው፣ ዓይን ላለው ግን ጥርት ያለ ወሬ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት የሸማኔዋ የታቢታ ታናሽ እህት ሄፕዚባ፣ ገና በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ሥራ ጀመረች። ተቆጣጣሪው ክሮንሾ ማጉን ይዞ በድሩ መሀል የሚመላለሰውን የእንጨት መወርወሪያ ሰጣት። ታቢታ ጫፉ ላይ በቢላ የተፋቀችውን ምልክት ስታይ ደሟ ፈላ። መወርወሪያው አብራት ትሠራ የነበረችው የኔሊ ነበር። ኔሊ ደም ስትተፋ ከርማ ባለፈው ሐሙስ ተቀብራለች። እዚህ ቤት ደግሞ ማጉ በመወርወሪያው ቀዳዳ የሚያልፈው በአፍ ተመጦ ነው። «መሳም» ይሉታል፤ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ።

ታቢታ ክሮንሾ ጆሮ ሥር ሄዳ ጮኸች። «ሌላ ይስጧት።»

«ምን ጎደለው? እንጨት እኮ ነው።»

«እንግዲያው እርስዎ ይሳሙት።»

«እኔ ሚስት አለችኝ» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ታቢታ ከማዶ ወደቆመችው፣ ሴቶቹ ሁሉ «አክስት» ወደሚሏት አሮጊት ወደ ፌቢ ዞራ ከንፈሯን አላወሰች።

«የኔሊን ለልጅቷ ሰጧት።»

«የሟቿን? ምን ዓይነት አረመኔ ነው!»

«ሴቶቹን ሁሉ መኪናችሁን አቁሙ በያቸው።»

ክሮንሾ ከመፍተያ ቤት የመጣ ባዳ ነው፤ የከንፈሩን ወሬ አያውቅም። «እንደ ላም ሲያመሰኩ ይውላሉ» እያለ ያሾፍ ነበር። አሁንም ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ በአፍንጫው ሥር ሲያልፍ ቆሞ ያያል።

አንድ መኪና ቆመ። ቀጥሎ አሥር። ቀጥሎ ሁሉም።

«ሞተሩ ምን ነካው?» አለ ክሮንሾ፤ የገዛ ድምፁ አስደነገጠው።

«ሞተሩ ደህና ነው ልጄ» አለችው አክስት ፌቢ። «የቆምነው እኛ ነን።»

ታቢታ መወርወሪያውን ከእህቷ እጅ ወስዳ ዘረጋችለት። «ይሳሙትና እንሠራለን።»

ተቀበለው። ሦስት መቶ መኪና ጭጭ ብሎ፣ ሴቱ ሁሉ እያየው፣ ወደ አፉ አስጠጋው። ቀዳዳዋን አያት። ፊቱ አመድ መሰለ፤ አወረደው።

«ከመጋዘን አዲስ አምጡላት» አለ።

ያመጡት አንድ ሳጥን ሙሉ መወርወሪያ ነበር፤ ገና ያልተነካ፣ ክዳኑ አቧራ የጠጣ። ኔሊ በሕይወት ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ ኖሯል። ሄፕዚባ አንዱን መርጣ ሥራዋን ስትጀምር ታቢታ ግን ሳጥኑን ትኩር ብላ እያየች ቀረች፤ መኪናዋን አላስነሳችም።